ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት፦ አዲስ ቤት ለገባችሁ የቤት ጥበቃና አላርም አሠራር (ሐዋሳ)

ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት ሠርተን ስንገባ ከመጋረጃ በፊት የገዛሁት አራት ካሜራ ነው። ባለሙያው ሰቅሎ ስልኬ ላይ አፑን ጫነልኝ፣ እኔም ከሥራ ቦታ ሆኜ ግቢዬን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። በገባን በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፋና ሌሊት ሌቦች ከጓሮ በኩል በአጥር ገብተው የውሃ ፓምፑን ነቅለው ወሰዱት። ጠዋት ቀረጻውን ስንከፍት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 በኋላ ምንም የለም፣ መብራቱ ሲጠፋ ካሜራውም መቅረጫውም አብረው ጠፍተዋላ። ለጋዝ ሲሊንደሩ ሲመለሱ ያዳኑን ጎረቤታችን እማማ ናቸው፣ ውሻቸው ሲጮህ ወጥተው "ማነው እዛ!" ብለው ጮኹ፣ ሌቦቹ ዘለው ሄዱ።

ከዛ ቀን በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ መማር የጀመርኩት። አሁን ቤት ለሚገባ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብሩን በቅደም ተከተል አውጡት። መጀመሪያ ሌባውን የሚያዘገይ (በር፣ ቁልፍ፣ ብረት)፣ ቀጥሎ የሚያስጮህ (አላርምና ጎረቤት)፣ ካሜራ መጨረሻ። ብዙ ሰው ልክ እንደኔ ገልብጦ ነው የሚጀምረው።

አንደኛ፣ ማታ ዙሩት

ምንም ሳትገዙ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከግቢ ውጡና አጥራችሁን ከውጪ ዙሩት፣ ብቻችሁን ሳይሆን ከሰው ጋር። እኔ ብሆን በየት ነው የምገባው ብላችሁ እዩ። አዲስ ቤት ላይ ከግንባታ የተረፈ ነገር አይጠፋም፣ አጥር ስር የተከመረ ብሎኬት፣ የተደገፈ አጣና፣ ያለ ባለቤት የተተወ መሰላል፣ እነዚህ ሁሉ ለሌባ ደረጃ ናቸው። የውሃ ታንከሩ ማማ ከአጥሩ ምን ያህል ይርቃል? የጎረቤት አቮካዶ ቅርንጫፍ ወደ እናንተ ጣሪያ ተንጠልጥሏል? ከጓሮ ያልተሠራ ባዶ ቦታ አለ? እኛ ጋ የገቡት በዛ በባዶው ቦታ በኩል ነው። ያያችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ በማግስቱ ብሎኬቱን አንሱ፣ ቅርንጫፉን ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አስቆርጡ፣ ይሄ ብዙ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ቁልፍና በር

ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ቁልፉን የያዘውን ሰው ቁጠሩ፦ ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ አልሙኒየም የገጠመው፣ ሴራሚክ ያነጠፈው፣ የቀን ዘበኛው። ሁሉም ጨዋ ቢሆኑ እንኳ ቁልፉ በስንት እጅ እንዳለፈ አታውቁም። ሙሉ ቁልፉን መቀየር አያስፈልግም፣ ሲሊንደሩን (መክፈቻው የሚገባበትን ክፍል) ብቻ ነው የምትቀይሩት። በሩን ከፍታችሁ በጠርዙ በኩል ያለችውን አንድ ረጅም ብሎን ፈታችሁ ቁልፉን ትንሽ ዞር ስታደርጉት ሲሊንደሩ ይወጣል፣ እሱን ይዛችሁ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሂዱና ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ስጡኝ በሉ። ሲገጠም ከበሩ ፊት ብዙ ወጥቶ እንዳይቀር፣ ወደ ውጪ ያፈጠጠ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል።

የግቢውን በር ደግሞ በያጅ ጠርታችሁ ሦስት ነገር አሠሩ። ከውጪ እጅ አስገብቶ መቀርቀሪያውን የሚያስከፍት ክፍተት ካለ ላሜራ ይበየድበት። በሩ ወደ ላይ ተነስቶ ከማጠፊያው የሚወልቅ ከሆነ ከላይ ማቆሚያ ይበየድለት። ጓጉንቸር የምትጠቀሙ ከሆነ አንገቷ ለመጋዝ እንዳትጋለጥ በብረት ሳጥን ትሸፈን። ጓጉንቸሩ ውድ ሆኖ የተንጠለጠለበት ብረት ስስ ከሆነ ሌባው ጓጉንቸሩን አይነካውም፣ ብረቱን ነው የሚቆርጠው።

የመስኮት ግሪል ሁላችንም እናስገጥማለን፣ ግን እባካችሁ መኝታ ቤት በኩል ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ ቁልፉም በቅርብ፣ ከውጪ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል፣ ልጆቹም የት እንዳለ ይወቁ። ሌሊት እሳት ቢነሳ ሌባ ያልገባበት ግሪል እናንተንም አያስወጣችሁም።

የአጥር ሽቦን በተመለከተ አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንዳንድ ሰው ከቤት 220 ቮልት ቀጥታ አጥር ሽቦ ላይ ይለቃል። ይሄ ሰው ይገድላል። ኳስ ሊያነሳ የወጣ የጎረቤት ልጅ ይገድላል፣ ዝናብ ሲዘንብ የራሳችሁን የግቢ በር ኤሌክትሪክ ሊያደርገው ይችላል። ትክክለኛው የኤሌክትሪክ አጥር ኢነርጃይዘር የሚባል መሣሪያ አለው፣ ቮልቱ ብዙ ሺ ቢሆንም በሰከንድ አንዴ ገደማ በጣም አጭር ምት ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ያስደነግጣል፣ ያባርራል፣ ይዞ አያስቀርም። እሱን መግዛት ካልቻላችሁ ተራ እሾሃማ ሽቦ ይበቃል፣ የቤት መብራት አታገናኙበት።

ሦስተኛ፣ መብራትና ጎረቤት

ለጓሮው ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ መብራት ይልቅ ሰው ሲጠጋ ብልጭ የሚል ይሻላል፣ ድንገት ሲበራ ጎረቤትም ያያል። ባለ ሶላሩ መብራት ሲጠፋም ስለሚሠራ ጥሩ ነው፣ ግን ፓኔሉ ዛፍ ጥላ ስር እንዳይሆን፣ ክረምት ላይ ደመና ሲበዛ ሌሊቱን ሙሉ እንደማይዘልቅ አውቃችሁ አንድ በመስመር የሚሠራ ጨምሩ።

ጎረቤት ጋ ሂዱ፣ ቡና ሲጠሯችሁ አትቅሩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ጓሮና ፊት ለፊት ያሉትን አራት ቤቶች ስልክ ያዙ፣ የእናንተንም ስጡ። "የኛ ሳይረን ከጮኸ መብራታችሁን አብሩና ደውሉልን፣ ብቻችሁን አትውጡ" ብላችሁ በግልጽ ተስማሙ። ይሄ ስምምነት ከሌለ ሳይረን መንገድ ላይ እንደሚጮህ የመኪና አላርም ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሰፈሩን የሌሊት ጥበቃ በጋራ የሚከፍሉ ከሆነ እናንተም ግቡበት። ሐምሌ 19 እና ታህሳስ 19 ገብርኤል ሲነግሥ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጨምበላላ የበዓሉ አደባባይ ጉዱማሌ ሲሞላ፣ ቤቱ ሁሉ ባዶ ሆኖ ነው የሚውለው፣ ከተማውም በእንግዳ ይሞላል፣ በነዚህ ቀናት ማን ቤት እንደሚቀር ከጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አራተኛ፣ አላርሙ

ለተራ መኖሪያ ቤት የሚበቃው ባለ ሲም ካርድ አላርም ነው። ዕቃው ውስጥ የሚመጣው ፓኔሉ (ሲሙ የሚገባበት ዋናው ሳጥን)፣ የበር ማግኔት፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ሳይረንና ሪሞት ነው። ባለ ዋይፋይ ብቻ የሆነውን አልመክርም፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፣ ራውተሩ ከጠፋ አላርሙ ስልካችሁ ላይ ምንም አይልክም። ዋይፋይም ሲምም ያለው ካገኛችሁ ጥሩ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 2ጂ ብቻ ስለሆኑ ለጥሪና ለመልዕክት ናቸው፣ እሱ ይበቃል።

አገጣጠሙ እንደዚህ ነው። አዲስ ሲም አውጡና መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ከታችሁ ፒን ቁጥሩን አጥፉት፣ ፒን የሚጠይቅ ሲም ፓኔሉ ውስጥ አይሠራም። ካርድ ሙሉበትና ደውላችሁ ሞክሩት። ከዛ ፓኔሉን መኝታ ቤት ኮሪደር ወይም ቁምሳጥን አካባቢ ስቀሉ እንጂ ሳሎን በር ላይ አይሁን፣ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየውን ነው የሚሰብረው። የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ግን አታስቀምጡት፣ ሲግናል ይይዝበታል።

የበር ማግኔቱ ሁለት ቁራጭ ነው፣ ትልቁ በመቃኑ ላይ፣ ማግኔቱ በሚከፈተው በር ላይ፣ በሩ ሲዘጋ መሃላቸው ከ1 ሴንቲ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የኛ አገር በር ብዙ ጊዜ ብረት ስለሆነ ብረቱ ማግኔቱን ያዳክመዋል፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ "ክፍት ነው" ካላችሁ ከስሩ ትንሽ ፕላስቲክ ወይም እንጨት አድርጉለት። ለግቢው በር ለብረት ተብሎ የተሠራውን ትልቁን ማግኔት ጠይቁ።

የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ የሰው ገላ ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው የሚያየው። ሰው በፊቱ አቋርጦ ሲያልፍ ቶሎ ያውቃል፣ ቀጥታ ወደሱ ሲመጣ ግን ይዘገያል። ስለዚህ በር ፊት ለፊት አትስቀሉት፣ ከበሩ ጎን ባለው ማዕዘን ላይ ከመሬት 2.1 እስከ 2.4 ሜትር አድርጉት። ፀሐይ በቀጥታ የምትመታውን መስኮት እንዳያይ፣ ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ ይራቅ፣ በመስታወት በኩል ውጪውን ያያል ብላችሁም አትጠብቁ፣ መስታወት ሙቀቱን አያሳልፈውም። ድመት ካላችሁ ድመት የማያስጮኸውን ዓይነት ጠይቁ፣ ያም ሆኖ ድመቷ ሶፋ ወይም ብፌ ላይ የምትወጣ ከሆነ ያስጮኸዋል። ቤታችሁ ኮርኒስ ሆኖ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቆርቆሮ ገልጦ በኮርኒስ የሚገባም አለ፣ በር ላይ ብቻ ከምትተማመኑ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሴንሰር ይኑር፣ በየትም ቢገባ ኮሪደሩን ማለፉ አይቀርም።

ሳይረን ሁለት ቢሆን፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ ጣሪያ ክፈፉ ስር እጅ በማይደርስበት። የውስጡ ራሱ ሌባውን ያስወጣዋል፣ ጆሮ እየበጠሰ ቤት ውስጥ ተረጋግቶ ዕቃ የሚመርጥ የለም።

ከዛ ሴቲንጉ። ስትገቡ የምታጠፉበት ጊዜ 30 ሰከንድ ይበቃል። የሌሊቱን ሞድ ለብቻው አስተካክሉ፣ እናንተ ተኝታችሁ በሮቹና መስኮቶቹ ብቻ እንዲጠብቁ፣ የውስጡ ሴንሰር እንዲያርፍ፣ አለበለዚያ ልጅ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር ሰፈሩ ይነሳል፣ በሳምንቱ ተሰላችታችሁ አላርሙን ትተዉታላችሁ። ስልክ ስታስገቡ አንደኛ እናንተ፣ ሁለተኛ የትዳር ጓደኛችሁ፣ ሦስተኛ በጣም ቅርብ ያለ ጎረቤት። የፖሊስ ጣቢያውን ቁጥር አላርሙ ውስጥ አትክተቱ፣ ድመት ባስጮኸው ቁጥር እንዳይደውልባቸው፣ በአካል ሄዳችሁ የቅርቡን ጣቢያ ቁጥር ተቀብላችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት። ፋብሪካው የሰጠውን ኮድ ቀይሩ። የቤት ሠራተኛ ካለች የራሷ ኮድ ይሰጣት፣ ተለያይታችሁ ስትሄድ የሷን ብቻ ታጠፋላችሁ።

በየወሩ አንዴ፣ ለምሳሌ የዕድር ገንዘብ በምትከፍሉበት ቀን፣ ጎረቤት አስጠንቅቃችሁ አስጩኹት። ሲሙ ሂሳብ እንዳለው ያኔ ነው የምታውቁት፣ ብዙ ጊዜ ያልተሞላ ሲም ከነጭራሹም ሊዘጋ ይችላል።

አምስተኛ፣ ካሜራው

እዚህ ላይ ከስህተቴ የተማርኩትን ዘርዘር ላድርገው። የኔ ካሜራዎች ከፍ ብለው ጣሪያ ክፈፍ ላይ ነበሩ፣ 4 ሜትር ገደማ። ከዛ ከፍታ የሚታየው ኮፍያ ነው። በሩን የሚያየውን ካሜራ ወደ 2.5 ሜትር አውርዱት፣ ፊት እንዲታይ። እንዳይነቅሉት ከፈራችሁ ሌላው ካሜራ እሱን እንዲያየው አድርጉ።

ሌንሱን ሳትጠይቁ አትግዙ። 2.8 ሚሊሜትር ሰፊ ያያል፣ ግን ሰው ያሳንሳል። የማታውቁትን ሰው ፊት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያስፈልጋል ተብሎ ነው በሙያው የሚሠራው። በዚህ ስናሰላው 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በ2.8 ሌንስ ፊት የሚለየው እስከ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ በ4 ሚሊሜትር እስከ 4 ሜትር ተኩል፣ በ6 ሚሊሜትር 7 ሜትር ገደማ። ሻጩ "እስከ 30 ሜትር ያያል" የሚላችሁ የሌሊት መብራቱን ነው፣ ሰው መኖሩን ታያላችሁ፣ ማን መሆኑን ግን አታውቁም። ስለዚህ ለግቢው በር 4 ወይም 6፣ ለጓሮው ሰፊ 2.8።

ኬብሉ ንጹህ ኮፐር ይሁን። በአልሙኒየም ላይ ኮፐር የተቀባ ርካሽ ኬብል ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ቢላ ይዛችሁ ጫፉን ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ምልክቱን ልንገራችሁ፣ ካሜራው ቀን ሰላም ሆኖ ሲመሽ ብልጭ ድርግም እያለ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ ካሜራው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ ሲጨልም የሌሊት መብራቱ ተጨማሪ ኃይል ይስባል፣ ኬብሉ ቀጭን ወይም አዳፕተሩ ደካማ ከሆነ 12 ቮልቱ እዛ አይደርስም። ቤታችሁ ገና ልስን ካልተለሰነ ለካሜራና ለአላርም ኮንዲዊት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) አሁኑኑ አስቀብሩ፣ በኋላ ግድግዳ መፈልፈል ያሳዝናል።

የሐይቁ ነገር ደግሞ አለ። ማታ ትንኙ የካሜራውን መብራት ፈልጎ ይሰበሰባል፣ ትንኙን ፈልጎ ሸረሪት ይመጣል፣ ድሩን ሌንሱ ላይ ያደራል፣ እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር መልዕክት የሚልከው አፕ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሸረሪት ሲልክ ያድራል። በሁለት ሳምንት አንዴ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ መጥረጊያ እጀታ ላይ ታስሮም ይሆናል። ጦጣና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አጥር ላይ ሲሄዱም ይቀሰቅሱታል፣ ስለዚህ አፑ ላይ "ሰው ብቻ" የሚል ምርጫ ካለ እሱን አብሩ። የኬብል መጋጠሚያዎቹ ክፍት ከተተዉ በርጥበት ይዝጋሉ፣ ውኃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይሁኑ።

ቀረጻው ስንት ቀን ይቆያል? አንድ ካሜራ በ2 ሜጋቢት በሰከንድ ሲቀርጽ በቀን 21 ጊጋባይት ከምናምን ይበላል፣ አራት ካሜራ 86 ገደማ፣ ስለዚህ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 11 ቀን ነው የሚይዘው፣ ከዛ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። መቅረጫውን ቴሌቪዥን ስር አታስቀምጡት፣ ቴሌቪዥኑን ይዞ የሚሄድ እሱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ፓስወርዱን የጫነው ባለሙያ እንዲያወጣላችሁ አታድርጉ፣ ራሳችሁ ጻፉት፣ ሲጨርስ የሱን አካውንት አፑ ላይ አጥፉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራና መቅረጫ የተቆጣጠረው ሰዎች ያልቀየሯቸውን የፋብሪካ ፓስወርዶች እየሞከረ ነው። ካሜራ መኝታ ቤትና ሠራተኛ የምትተኛበት ክፍል አይገባም። የጎረቤት ግቢ ውስጥም አይመልከት፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የሰው ግላዊ ሕይወት የተጠበቀ ነው ይላል፣ ከሕጉም በፊት ደግሞ ያ ጎረቤት ሌሊት የሚጮህላችሁ ሰው ነው። አፑ ላይ በዛ በኩል ያለውን ማጥቆር ይቻላል።

ስድስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ

ይሄ ነው እኔን ያስዘረፈኝ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አራት ካሜራ 20 ዋት፣ መቅረጫ 15፣ ራውተር 10፣ በጠቅላላው 45 ዋት ገደማ። ለኮምፒውተር የምትሸጠው ትንሿ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትይዘው) 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው ያላት፣ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በተግባር አንድ ሰዓት ብትይዝ ነው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ከሚቀይረው) ጋር ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ (ባትሪው እንዲቆይ) ኢንቨርተሩ የሚበላው ተቀንሶ ለ11 ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ ከማታ እስከ ንጋት። አቅም ካልፈቀደ የግቢውን በር ካሜራ፣ መቅረጫውንና ራውተሩን ብቻ ባትሪ ላይ አድርጉ። አላርም ፓኔሉ ውስጡ ትንሽ ባትሪ አለው፣ ግን ሶኬቱን ነቅላችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ራሳችሁ ሞክሩት፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን አትመኑ። መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር በመከላከያ ሶኬት ይለፍ።

ሌሊት ሲጮህ

አትውጡ። ቤተሰቡን አንድ ክፍል ሰብስቡ፣ የውጪ መብራት በሙሉ ከውስጥ አብሩ፣ ጎረቤት ጋ ደውሉ፣ ፖሊስ ጋ ደውሉ፣ ጩኹ። ዕቃ ይተካል። ጠዋት ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቀረጻውን በዛኑ ቀን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ በ11 ቀን ውስጥ ይጠፋልና።

ቃል ስትሰጡ ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ከቻይና የመጣ መቅረጫ አብዛኛውን ጊዜ በቻይና ሰዓት ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ከኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፣ ሲገጠም ወደ ጂኤምቲ ሲደመር 3 አስተካክሉት። ትክክል ሆኖም በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 02:14 የሚለው በኛ ሌሊት 8 ሰዓት ከ14 ነው። ቀኑንም እንዲሁ፣ እኛ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ የምንለውን ሌሊት መቅረጫው ከ6 ሰዓት በኋላ ዓርብ ብሎ ነው የሚጽፈው። ቀረጻው ስትፈልጉት ሐሙስ ላይ ስለሌለ ጠፋ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ዓርብን ክፈቱ፣ ለፖሊስም ሁለቱንም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፍላሹ ጋር ስጡ።